ከአጥር ማዶ የሚጣራው

ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእድራችን ኮሚቴ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ተቀምጦ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ፣ ስለጠፉት ብረት ድስቶችና መዋጮ ስላላስገቡ ሰዎች ሲነታረክ አረፈደ። ሊነሱ ሲሉ ሊቀመንበሩ የለፋፊያችንን ነገር አመጡ። እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። የቦንጋ ሰፈር ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ዝናቡም ጥቅምት ገብቶ አልተወንም። በሌሊት ጭቃ ውስጥ ጥሩምባ ይዞ መዞር የሰባ ዓመት ሰው ሥራ አይደለም። ጋቢ ይልበሱ፣ የምስጋና ወረቀትም ይሰጣቸው ተባለ። አንዱ አባል፣ «ወረቀቱ ላይ ታሪካቸው ይግባ እንጂ፤ አባታቸውም አያታቸውም ለፋፊ ነበሩ አሉ» ሲል ሐሳብ አቀረበ። «አሉ» ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍምና ይጣራ ተባለ። የሚያጣራውም ጸሐፊው ሆነ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ለፋፊው የሚዞሩት ስልክ ስለሌለን አይደለም። የቴሌግራም ቡድን አለን፤ የሟች ፎቶ ከነሻማው የሚለጠፍበት። ነገር ግን በደንባችን ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ሳይነገረው የቀረን ሰው መቅጣት አይቻልም፤ ተነገረ የሚባለው ደግሞ ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ስልኬ ተዘግቶ ነበር ብሎ ማምለጥ ይቻላል። ጥሩምባውን አልሰማሁም ያለ ግን ከነቅጣቱ ይሳቅበታል።

ጥቅምት 14

ቤታቸው ሄድኩ። ጓሮው እንሰት ነው፣ ከሥሩ ኮረሪማ በቅሏል፤ ደጁ ላይ በአልጋ የተሰጣ ቀይ ቡና አለ። «ጸሐፊ መጣ! ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ተቀበሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ባለቤታቸውን ጠርተው እንድደግመው አደረጉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ስማቸው ከምስጋናው ወረቀት በቀር በሌላ ቦታ እንዳይጻፍ ቃል ስላስገቡኝ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

የዘር ሐረግ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ያወጡት መታወቂያቸውን ነው። የእሳቸው ስም፣ የአባታቸው፣ የአያታቸው፤ ከዚያ ወዲያ መስመሩ አለቀ። መንግሥት ከሦስት ትውልድ በላይ አይፈልግም። በእኛ በካፋ ግን ሽማግሌ የሚባል ሰው ከዚያ ብዙ ርቆ መቁጠር አለበት፤ ካልቆጠረ ለጋብቻም ለርስትም ጉዳይ አፍ የለውም።

ስለ አባታቸው ሥራ እንዲህ አሉኝ። የጻፍኩት ሲናገሩ ነው።

«አባቴ የሚጣራው በገበያ ቀን ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቆማል። መጀመሪያ በአማርኛ ነው፤ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ይላል። ከዚያ ያንኑ በእኛው ቋንቋ፣ በካፊ ኖኖ ይመልሰዋል። የጠፋ በሬ፣ የኮበለለ ሠራተኛ፣ የግብር መክፈያ ቀን፣ የዳኛ መጥሪያ፣ ሁሉም በእሱ አፍ ነው የሚያልፈው። ገበያተኛው ጆሮ የሚሰጠው ለኋለኛው ነው። አማርኛው ካልቀደመ ግን አዋጅ አይሆንም።»

«አያትዎስ?»

«አያቴ አማርኛ ከየት አምጥቶ! ነጋሪት ይመታል፣ የገዢው ሰው በአማርኛ ይናገራል፤ አያቴ ከኋላው ቆሞ ለእኛ ሰው ይደግምለታል። የእሱ ሥራ መድገም ነው።»

እንግዲህ አባትየው የሁለት ሰው ሥራ ጠቅልሎ ወረሰ ማለት ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ሥራ ቋንቋ ብሎ ደንግጎ ነበር። ቦንጋ ገበያ ላይ ያ ድንጋጌ የሚሠራው አንድ ሰው ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ሲሰነጥቅ ብቻ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አስበውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ጥቅምት 24

ዛሬ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን ከፈቱልኝ። በጃንሆይ ዘመን የተቆረጡ የግብር ደረሰኞች፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት፣ ኮት የለበሰ አባታቸው የቆመበት ጠርዙ የተበላ ፎቶ ወጣ። ደረሰኙን ከመታወቂያው አጠገብ ሳስቀምጠው የአያትየው ስም አልገጠመም። መታወቂያው ላይ ያለው የካፋ ስም ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ከነቅዱሱ የክርስትና ስም ነው። ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ጋሼ፣ «አንድ ነው፤ ያኛው የቤቱ ነው፣ ይሄኛው የጌቶቹ» አሉኝ።

በዚህ አገር ሐረግ የሚቆጥር ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ይሄ ነው። ካፋ እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ታቶ ይባል ነበር፤ ከሚንጆ ጎሳ ነው። ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። በ1889 የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ዘመተ፤ የጅማው አባ ጅፋርም አብረው ነበሩ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት ሙሉ በጫካው ሲሸሽ ቆይቶ በ1890 መባቻ ላይ ተያዘ። ወደ አዲስ አበባ ተወሰደና ዳግም አገሩን ሳያይ እዚያው ሞተ። ከዚያ በኋላ መሬቱም ገበሬውም ለዘማቹ ተደለደለ፤ ገባር የሆነው ሕዝብ ተጠመቀ። ብዙ ጊዜ የክርስትና አባት የሚሆነው ራሱ ባለመሬቱ ነው፤ ስም የሚያወጣውም እሱ። አንድ ሰው ሁለት ስም ይዞ ኖረ። ሽማግሌዎች የሚቆጥሩት በቤቱ ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና ግምጃ ቤት የጻፉት በሌላኛው። ሁለቱን መዝገብ የሚያገናኝ በሁለቱም ስም ሲጠራ የሰማ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ በየወሩ በጋሼ ጥሩምባ እየተለፈፉ አልቀዋል።

ሳልሄድ ጥሩምባውን አሳዩኝ። የሚዞሩበት ሥርዓት አላቸው፤ ከሟች ቤት አይጀምሩም። ከሩቁ ጥግ ጀምረው ወደ ሟች ቤት እየተጠጉ ይመጣሉ። «የቅርቡ ሰው ለቅሶውን ራሱ ይሰማል፤ የሩቁ ነው ጊዜ የሚፈልገው» አሉ።

ህዳር 2

ማታ ማታ ያሉኝን መጻሕፍትና ፎቶ ኮፒዎች ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ስለ ካፋ የጻፉ የውጭ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ቦንጋ ደርሷል። የካቶሊክ ሚስዮናዊው ካፑቺኑ ማሳያ ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቆይቶ ተባርሯል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ1897 ዓ.ም. ሲመጣ መንግሥቱ ከወደቀ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በቤተ መንግሥት የነበሩ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። የሰበሰበውን በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በሁለት ወፍራም ቅጽ በጀርመንኛ አሳተመ። እኔ ጀርመንኛ አልችልም፤ የሚችል ወዳጄ አንዳንድ ገጽ አንብቦልኛል። የነገሥታቱን ተራ ይዘረዝራል። ለዚህ ዝርዝር ባለዕዳዎች ነን፤ ዛሬ የታቶዎቹን ስም በተርታ የሚጠራ ወጣት ሁሉ ያወቀም ያላወቀም ከዚያ ቀድቷል።

እነዚህ ሰዎች ጠይቀው የጻፉት ስለ ንጉሥና ስለ አማካሪ ነው። እኔን ያጓጓኝ በመካከል የቆመው ሰው ነበር። ማሳያ ሲሰብክ ማን ደገመለት? ቢበር ሲጠይቅ ማን መለሰለት? እንደ ጋሼ አያት ያለ አንድ ሰው በየድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ሲደግም ይታየኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነውና በምስጋናው ወረቀት ላይ አይገባም።

የአዋጅ ነጋሪ ታሪክ በመጽሐፍ የሚገኘው ከሰውየው ይልቅ በከበሮው በኩል ነው። ነጋሪት የሥልጣን ምልክት ነበር፤ የራስና የደጃዝማች ማዕረግ በሚያስመታው ነጋሪት ይቆጠር ነበር። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕጎቹን የሚያሳትምበትን ጋዜጣ ሲጀምር ነጋሪት ጋዜጣ አለው፤ ከ1987 ወዲህ ደግሞ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሆነ። ከበሮው ስሙን ለወረቀት አወረሰ። መቺውና ጯሂው ግን ምንም አላወረሱም። የ1888ቱን የክተት አዋጅ ቃል ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት በቃላችን ይዘነዋል፤ ያንን ቃል በየገበያው ስለጮኹት ሰዎች የነገረን መምህር ግን የለም።

ህዳር 8

ሳልወድ ወደ ጎሳ ጉዳይ ገባሁ። ካፋ ውስጥ ከስም ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ጎሳ ነው፤ እስካሁን ጋሼን ያልጠየቅኳቸው በይሉኝታ ነበር። ዛሬ ሻይ ቤት አንድ ጎረቤት ወረቀቱን እያዘጋጀሁ እንደሆነ ሰምቶ ተጠጋኝና፣ «የነሱን ነገር ታውቃለህ አይደል? ለምን ከአጥር ውጭ ቆመው እንደሚጣሩ?» አለኝ። አላወቅኩም አልኩት። ሊነግረኝ የፈለገው ግን ገብቶኛል፤ ማንጆ ናቸው ማለቱ ነው።

በሹክሹክታ ከሚያልፍ ጽፌው ላሳልፈው። የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይ አጥሮ መግቢያ በሮች ነበሩት። በሮቹን ከሚጠብቁት ውስጥ አዳኞቹ ማንጆዎች ይገኙበታል። ለንጉሡ የሚያስፈልጉ ሰዎች ነበሩ። በኑሮ ግን ከሌላው ሕዝብ አይቀላቀሉም ነበር፤ አብሮ መብላት፣ መጋባት፣ ወደ ቤት መዝለቅ ክልክል ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ ማንጆው ዞር ብሎ ያሳልፍ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቅ ሰው ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ይላል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬት አገኙ፤ ልጆቻቸው ተማሩ፤ ሲኒ መለየቱ ግን በአንዳንድ ቤት እስከ ዛሬ አለ። ይህን ነውር አገሬን ስለምወድ ልሸፍንላት አልችልም።

ማታ ጋሼ ዘንድ ሄጄ ሻይ ቤት የሰማሁትን ነገርኳቸው። እንዲያው ነገሩ ከሌላ አፍ ከሚደርሳቸው ብዬ ነው። አልተቆጡም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣

«ጸሐፊ፣ ስንት ዓመት ሰው ሞተ ብዬ ለፈፍኩ? አንድ ቀን የሟች ጎሳ ስጠራ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ስም፣ የማን አባት፣ ቤቱ የት፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት። ሌላ ምን ያስፈልጋል? አጥር ውጭ የምቆመው ሐምሳ ቤት ስላለብኝ ነው። እያንዳንዱ ቤት ገብቼ ቡና ብጠጣ ሟቹ ሳይቀበር ይመሻል።»

ጎሳቸውን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ወረቀቱ ላይም አይኖርም። ሻይ ቤት ያለው ሰው የፈለገውን ይገምት።

ህዳር 14

ክልሉ የተመሠረተበት ቀን ነው፤ ከ2014 ወዲህ ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። አንድ ፒክአፕ በድምፅ ማጉያ ዘፈን እየለቀቀ በደጃችን አለፈ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ «እሱ መጮህ እንጂ መጣራት አይችልም፤ ምን እንዳለ ሰማህ?» አሉኝ። እውነትም አልሰማሁም።

እሳቸው ራሳቸው ሥራውን የጀመሩት በደርግ ጊዜ ነው። አባታቸው ከጃንሆይ መንግሥት ጋር አብረው ተሻሩ እንጂ ጉሮሯቸው ደህና ነበር፤ ቀበሌው ግን ወጣት ፈለገ። የስብሰባ ጥሪ፣ የጽዳት ዘመቻ፣ የስኳር እደላ ቀን ይለፍፉ ጀመር። ከሁሉ ደስ ብሏቸው የለፈፉት የመሠረተ ትምህርቱን ነው። ዘመቻው በ1971 ተጀመረ፤ እየቆየ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው አሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ የካፋ ነበር። ሰዉን ውጡና ተማሩ እያሉ ሲዞሩ ማንበብ አይችሉም ነበርና ራሳቸውም ገብተው ተማሩ፤ የሣጥኑ ምስክር ወረቀት የዚያ ነው። የተማሩት ካፊ ኖኖን በግዕዝ ፊደል ነው። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ እያወሩ አያትየው የልጅ ልጁን ደብተር ማንበብ አይችልም።

ታህሳስ 9

ለቤተሰብ ጉዳይ ጅማ ደርሼ ስመለስ አውቶቡሳችን ጎጀብን የተሻገረው በዛሬው ቀን መሆኑ ሲገርመኝ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ታህሳስ 9 ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከጥቁር አንበሳ ጦር ቅሪት ጋር ተከበው እጃቸውን የሰጡት በዚህ ወንዝ ዳር ነው፤ ከዚያ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ቦንጋ ስደርስ ጋሼን ያንን ዘመን ጠየቅኳቸው። አባታቸው ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ለጋሼ ይተርኩላቸው የነበረው አያትየው መሣሪያ አስረክቡ የሚለውን የጣሊያን አዋጅ እንዲደግሙ መታዘዛቸውን ነው። ደገሙት። «ከደገመስ በኋላ?» አልኳቸው። «በቀን ደገመው፤ ማታ ደግሞ ለዘመዶቹ ደብቁ አላቸው» አሉ። ይህን ሲሉ የኮሩት ኩራት ጋቢውን አያስፈልገውም።

ታህሳስ 13

ጪሪ ሄድኩ። ዴቻ ወረዳ ውስጥ የጋሼ ታላቅ እህት እንዳሉ የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ጋሼ ራሳቸው አላነሱልኝም ነበር። እትዬ ዐይናቸው ደክሟል፤ ነገር ግን ከመቀመጤ ማን እንደሆንኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ቦንጋ ከማን ቤት አጠገብ እንደምኖር አንድ በአንድ አስለፈለፉኝ። ከዚያ ነው የእኔ ተራ የደረሰው።

የአባትየውንና የአያትየውን ታሪክ ሳነብላቸው ዝም ብለው አዳመጡና፣ «ይሄ ሁሉ ደህና ነው። ድምፁንስ ከማን አመጣው አሉህ?» አሉኝ።

«ከአባታቸው ነዋ።»

«የአባታችን ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ሰው ይሰማው የነበረው መንግሥትን ስለሚፈራ ነው። ይሄ ድምፅ የእናታችን ነው።»

እናትየው አልቃሽ ነበሩ። ሰው ሲሞት ከሩቅ ቀበሌ ሰው ተልኮ ይወሰዱ ነበር። ሟቹን በአባቱ፣ በአያቱ፣ በሠራው ሥራና በወንዙ እየጠሩ ያስለቅሳሉ፤ ለዚያ ደግሞ የእያንዳንዱን ቤት ሐረግ ማወቅ ነበረባቸው። አገሩ ሁሉ ሐረጉን ሲረሳ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ልጃቸውን ገና ትንሽ ሳለ ይዘውት ይሄዱ ነበር። እትዬ እንደሚሉት ጋሼ ትንፋሽ መያዝ፣ ስም ጥርት አድርጎ መጣልና ሰው እስኪሰበሰብ ቆም ማለት የተማሩት እዚያ ነው። አያትየው በሁለት ስም መጠራቱን ያረጋገጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ በሁለቱም ስም እናታቸው ሲያለቅሱለት ሰምተዋል። ለሳምንታት ስፈልገው የነበረው ምስክር እዚህ ተቀምጦ ነበር።

የእናትየው ስም በደረሰኝ የለም፣ በመታወቂያ የለም፣ በእድሩ መዝገብም የለም፤ አባወራ ብቻ ነበር የሚመዘገበው። እትዬ ስሙን ነገሩኝ፤ እጄ ላይ ጻፍኩት።

ታህሳስ 20

ኮሚቴው ረቂቄን ሰማ። የአያትየው ሁለት ስም በአንድ መስመር ጎን ለጎን ገብቷል፤ ማንም አልተቃወመም። የእናትየው ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ገንዘብ ያዣችን እጃቸውን አወጡ። የእድር ወረቀት የሴት ወገን አይቆጥርም፣ ልማዱ አይደለም አሉ። ከሴቶቹ አባላት አንዷ፣ «ቀብር ላይ አልቃሽ ስንጠራ ግን ልማዱ ነው» አለች። ጭቅጭቁ ከድንኳኑ ቀዳዳ ያነሰ ጊዜ ወሰደና አለፈ። ጋቢው የተገዛበት ዋጋ ላይ ግን ብዙ ተወራ።

አዲሱ ለፋፊ የሚሆነው ጎረምሳ ተገኝቷል። ባትሪና የዝናብ ካፖርት ካልተገዛለት፣ ክፍያውም በወር ካልሆነ አልይዝም ብሏል፤ ልክ ነው፤ ተፈቀደለት። ጋሼ ሰባት ቀን አብረውት ሊዞሩ ተስማምተዋል፤ እግራቸው እስከቻለበት ቁልቁለት ድረስ።

ከስብሰባው ወጥቼ የታተመውን ወረቀት ቤታቸው ወሰድኩላቸው። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። የእናታቸው ስም ጋ ስደርስ አስቆሙኝና አንድ ፊደል አሳረሙኝ። ወረቀቱ መልሶ ይታተማል። ከዚያ ባለቤታቸውንና ጎረቤት ያሉትን ልጆች ጠርተው ከመጀመሪያው እንደገና አንብብ አሉኝ። ሁለት መስመር ሳልሄድ አቋረጡኝ።

«ለራስህ ነው እንዴ የምታነበው? ከሆድህ አውጣው። የታችኛው ቤት አልሰማም።»